ላዛኛ በፍልሰታ

ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ ትሑት የሆነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። መስታወት ፊት ስቆም ጭምር። ምን ይደረግ? ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰው በየማለዳው ተሰልፎ "ደረሰ ወይ? ደረሰ ወይ?" እያለ ሲለማመጥህ ትንሽ መኮፈስህ አይቀርም። ደብረ ታቦር ላይ የእኔን ዳቦ ያልበላ ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጥርስ የለውም። ይኸን ስል ጉራ ይመስላችሁ ይሆናል። ጉራ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ላዛኛ የሚባል ነገር መጥቶ ልኩን ያሳየው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእኅቴ ልጅ ከትርንጎ ነው። ትርንጎ ሰባት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ በሰኔ ተመለሰች። እናቷ፣ ታላቅ እኅቴ እትዬ አስካለ፣ ልጇን ያገኘች ዕለት ስታለቅስ ዋለች። እንባዋ በቅጡ ሳይደርቅ ኩዌት የላካት ደላላ መደወል ጀመረ። ማዳሟ "ትርንጎን ካላመጣህልኝ" ብላ ይዛዋለች አሉ። ቪዛው ወጥቷል፣ መስከረም ላይ ትሂድ። ትርንጎ ምን ትበል? እዚህ ሥራ የላትም። እናቷ ግን ያ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ወደ ውጭ ትወጣለች። አንድ ቀን ዳቦ ቤት መጣችና የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። "ዳኜ፣ ይቺ ልጅ ተመልሳ ከሄደች እኔ ቀባሪ የለኝም" አለችኝ። እኔም ትኩስ ዳቦ ሰጠኋት። ደግ ቃል ሲጠፋኝ የምሰጠው ዳቦ ነው።

መፍትሔው ካልታሰበ ቦታ መጣ፤ ከአቶ መኳንንት ሆቴል። አቶ መኳንንት ጣልያን አገር ደርሰው የመጡ ሰው ናቸው። መቼ? ድሮ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሳሉ፣ ለሥልጠና። ምን ያህል ቆዩ? እሱን ማንም አያውቅም። ከወሬያቸው ብዛት ግን ዕድሜያቸውን እዚያ የፈጁ ነው የሚመስላችሁ። ዝናብ ሲዘንብ "ጣልያን አገርም እንዲሁ ነው" ይላሉ። ሲያባራም "ጣልያን አገርም ያባራል" ይላሉ። ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት ግን ላዛኛን ነው። "ላዛኛን ያልቀመሰ ሰው ምግብ በላሁ አይበል" ይሉናል፤ እኛም በሽሯችን እናፍራለን። ታዲያ ሆቴሉን አሳድሰው ሲጨርሱ የወጥ ቤት ኃላፊ ፈለጉና ፈተና አወጡ። ላዛኛን እንደ ጣልያን አገሩ አድርጎ ለሠራ ቦታው የሱ ነው። የሚቀምሱትም ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ ከቅዳሴ መልስ ነው።

ትርንጎ ይኸን ስትሰማ "እሱንማ በየሳምንቱ ነበር የምሠራው" አለች። ማዳሟ ሐሙስ ሐሙስ ዘመድ ትሰበስባለች፤ ያለ ላዛኛ ደግሞ ሐሙስ የለም። የቸገራት ምድጃ ብቻ ነው። ምድጃ ያለው ማነው? እኔ። ባለ እንጨት፣ መብራት ሄደ መጣ የማይል ምድጃ። "አያ ዳኜ፣ ምድጃውን ያውሱኝ" አለችኝ። እኔም ምድጃውን ከነእውቀቴ ሰጠኋት። እውቀቴን ማን ጠየቀኝ?

ላዛኛ ማለት እንዲህ ነው። ሊጥ በስሱ ይዳመጣል። በላዩ የሥጋ ቁሌት ይፈስበታል። በዚያ ላይ ከወተት፣ ከቅቤና ከዱቄት የተሠራ ነጭ ነገር ይመጣል፤ አጥሚት ለመሆን አስቦ ሐሳቡን የቀየረ በሉት። ከዚያ ቺዝ። ከዚያ እንደገና ሊጥ፣ እንደገና ቁሌት፣ እየተነባበረ ይሄድና ምድጃ ይገባል። ትርንጎ ስታስረዳኝ "አነባበሮ ነዋ!" አልኳት። "አይደለም" አለች። "እንግዲያው አነባበሮ ሰርቀው ነው" አልኩ። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ የሚቀናኝ ተሰርቋል ማለት ነው።

አሁን ልብ በሉ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ቺዝ። ወሩ ነሐሴ። ገባችሁ? በፍልሰታ እኛ አገር ሌላውን ጾም የሚያላምጠው እንኳ ይጾማል። ሉካንዳ ቤቱ ተከርችሟል። እኛ ደግሞ ለፍቺው እንድንደርስ ልምምዱን በጾሙ መሐል ማድረግ ነበረብን። "የተከለከለው መቅመስ እንጂ መሥራት አይደለም" ብዬ ፈረድኩ። የንስሐ አባቴን አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው የሚሉኝን አውቀዋለኋ!

ሥጋው ከየት ይምጣ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ የጨነቀኝ አራስ ዘንድ ሄድኩ። ጎረቤቴ ውዴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አራስ አትጾምም። የባሏ ዘመዶች ደግሞ ከጉና ሁለት ሙክት ነድተው አምጥተውላታል። "ትንሽ ሥጋ ስጭን፣ ሠርተን መልሰን ላንቺው እናመጣለን፤ ቀምሰሽ ፍረጅ" አልኳት። አራስ ብዪ ተብላ እምቢ ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ገንፎ ሰልችቷት ግድግዳ ልትልስ ደርሳ ነበር።

ቺዙ ግን እኛ ዘንድ ስላልተገኘ ባሕር ዳር ድረስ ወረድኩ። ገዛሁ፣ በፌስታል ጠቀለልኩ፣ በጋዜጣ ደገምኩ፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐሙሲት ስንደርስ ገበያ ውለው የሚመለሱ አንዲት እናት ከጎኔ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው፣ "የኔ ልጅ፣ ጫማህን አውልቀህ እንደሆን መልሰህ ብታጠልቀው?" አሉኝ። ምን ልበል? እግሬ ሳይሆን ቺዝ ነው ልበል? በፍልሰታ? በጾም ቺዝ ታቅፎ ከሚሄድና እግሩ ከሚሸት ሰው የቱ ይሻላል? "ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ሕመም ነው" አልኳቸው። አዘኑልኝ። "ጠበል ግባበት፣ እግዜር ይማርህ" አሉና መስኮቱን ከፈቱት። ወረታ ላይ እስኪወርዱ ድረስ የነሐሴን ዝናብ በነጠላቸው እየተከላከሉ ሄዱ። እግሬን ለላዛኛ ሠዋሁት።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን ደረሰ። ትርንጎ ሊጡን ስታቦካ አጠገቧ ቆሜ አያለሁ። ዱቄት፣ እንቁላል፣ ጨው። "ኻላስ" አለች፤ በቃ ማለቷ ነው።

"እርሾስ?" አልኳት።

"እርሾ የለውም አያ።"

እርሾ የለውም! ሃያ ዓመት እርሾ ያሳደርኩ ሰው ይኸን ሰምቼ ዝም ልበል? ልጅቷ ረስታው ነው አልኩ በልቤ። ሰባት ዓመት ሰው አገር የኖረ ሰው ብዙ ነገር ይረሳል። ሊጡ ይረፍ ብላ ትታው ወደ ቁሌቱ ዞር ስትል፣ እርሾዬን ጨምሬ አሸሁት። ለእሷው ብዬ እኮ ነው! ክፉ የሚሠራ ሰው ሁሉ ለሰው ብሎ እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ላዛኛው ምድጃ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ይነሣ ጀመር። አበጠ። የላይኛው ንጣፍ እንደ ድፎ ተነፋ፤ ቁሌቱ በጎን ተገፍቶ የመጋገሪያው ላሜራ ላይ ፈሰሰ። በረጅሙ አካፋ ስቤ ሳወጣው ትርንጎ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አያ ዳኜ፣ ምን ጨመሩበት?"

ወደ ምድጃው ዞርኩ። እሳት የሚቆሰቆስ ይመስል ቆሰቆስኩ። በኋላ ግን ተናዘዝኩ። "ለመሆኑ፣ መልኩስ ይሁን፣ ጣዕሙ እንዴት ያለ ነው የሚሆነው?" ብዬ ወሬ ለማስቀየር ጠየቅኋት።

"እኔ ምን አውቄ?" አለች።

መጀመሪያ የተቆጣች መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም፤ እውነቷን ነው። ትርንጎ ላዛኛ ቀምሳ አታውቅም! ሰባት ዓመት በየሐሙሱ ስትሠራ፣ የሥጋው አራጅ የእኛ ባለመሆኑ አንድ ቀን አፏ ላይ አድርጋው አታውቅም። ጨውን ታዲያ እንዴት ታውቅ ነበር? "ማዳም በማንኪያ ትቀምሳለች። ልክ ሲሆን ዓይኗን ትጨፍናለች። ዓይኗን ካልጨፈነች አንድ ነገር ጎድሏል። እኔ ዓይኗን እያየሁ፣ ሽታውን እየያዝኩ ነው የለመድኩት" አለችኝ። ይኸን ስትል ድምጿ ላይ ምሬት የለም። እኔን ግን አንጀቴን በላኝ። ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ሲያይ ይኖራል?

ብቻ ነገራችን ይታያችሁ። አስተማሪዋ አልቀመሰችውም። ተማሪው አልቀመሰውም። ሁለታችንም እስከ ዐሥራ ስድስት ድረስ መቅመስ አንችልም። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዘው ገደል! በከተማው ውስጥ ያለችን አንዲት ምላስ የውዴ ናት።

ያበጠውን ይዘን ሄድን። ውዴ ሕፃኑን ለባሏ አቀበለችና ትልቅ ቁራሽ ጎረሰች። ትርንጎ ዓይን ዓይኗን ታያለች። እኔም አየሁ። ውዴ ዓይኗን ጨፈነች! ጭፍን! ስትገልጠው "እንዴት ያለ ነገር ነው ባካችሁ! ይኸ ነው እንዴ ላዛኛ የሚባለው?" አለች። ትርንጎ "አይደለም፤ ይኸ የተበላሸው ነው" አለቻት። ውዴ መብላቷን አላቆመችም። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ደረቴ ግን እንደ ሊጡ ተነፍቶ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ትርንጎ ሊጡን በክዳን ከድና እላዩ ላይ ተቀመጠችበት ማለት ይቀላል። ትክክለኛው ወጣ፤ ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ላዩ ቀላ ያለ። ዳቦ ቤቱ በላዛኛው ሽታ ታወደ። ሰልፈኛው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። "ዳኜ በፍልሰታ ሥጋ ይጠብሳል" ተባለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! "ለአራስ ነው" ስል ሁሉም "እህ" ብሎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። እኛ አገር "ለአራስ ነው" የማይከፍተው በር የለም። በዚያን ቀን ቁሌት ጣቴ ላይ ተንጠባጠበና ሳላስበው ወደ አፌ ላደርስ ስል የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ጣቴን እንደያዝኩ ውጭ ወጥቼ በዝናብ አጠብኩት። የሰፈሩ ውሻ ግን ሲከተለኝ ዋለ።

ውዴ ሁለተኛውን በላች። ዓይኗ ፍጥጥ እንዳለ በላች። "ጥሩ ነው። ያኛው ግን ይበልጣል። ይኸ ይጎትታል። እንደዚያኛውም በርበሬ የለው፣ ኮረሪማ የለው" አለች። ሦስተኛውን ስንወስድላትም ያንኑ አለች። "ያ ነፋ ያለው ቀርቶ ነው?"

እዚህ ላይ እኔና ትርንጎ ተጣላን። "የቀመሰችው እሷ ብቻ ናት፤ ምስክራችን እርሾ አለው ካለች እርሾ አለው!" አልኩ። "አራስ ምስክር አትሆንም፤ ከገንፎ ሌላ የመጣላት ሁሉ ይጥማታል" አለች። "ታዲያ ያንቺ ምስክር ማነው?" ስላት አፍንጫዋን ነካች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ለራሴ ብሆን ግድ የለኝም ነበር። ግን ፈተናውን ከወደቀች መስከረም ሩቅ አይደለም። እትዬ አስካለ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ሁለታችንንም ስትሰማ ቆየችና፣ "ዳኜ፣ ልጄ ያሸተተችውን ትሥራ። አንተ እሳቱን ጠብቅ" አለችኝ። ታላቅ እኅት ናት፤ እሳቱን ጠበቅሁ።

በዐሥራ ስድስት ማለዳ፣ በዋዜማው በታረደ የበሬ ሥጋ ሠርታ፣ ከምድጃ አውጥተን ሳንቀምሰው ለሆቴሉ አደረስን። ሌላው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነበር። ማካሮኒ በሥጋ አቅርቦ "ያው ነው" ብሎ ተሸኝቷል። አቶ መኳንንት ከቅዳሴ እንደተመለሱ፣ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ፣ በሹካና በቢላዋ ቀረቡ። ቆረሱ። ጎረሱ። ትርንጎ ዓይናቸውን ታያለች። እኔም አያለሁ። እትዬ አስካለም ሳታውቀው ታያለች።

አቶ መኳንንት ዓይናቸውን አልጨፈኑም። አላመጡ፣ ዋጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ።

"ይኸ አይደለም" አሉ።

እትዬ አስካለ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አንድ ጊዜ እርሾውን አስቤ ወዲያው በራሴ አፈርኩ። ትርንጎ ግን አልደነገጠችም። "ይፍቀዱልኝ" አለችና ሹካ አነሣች። አማተበች። ቆርሳ ጎረሰች። ሰባት ዓመት የሠራችውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰች።

"ነው" አለች። "በአፍንጫዬ የማውቀው ይኸው ነው። ጋሼ፣ እርስዎ የበሉት ጠርዙ ደረቅ ነበር ወይስ ለስላሳ? ነጩ አፍ ላይ ይሟሟ ነበር ወይስ ይቆይ ነበር?"

አቶ መኳንንት ግንባራቸውን ጠረጉ። ጣልያን አገር ላብ እንደሚያልብ አልነገሩንም። ከዚያ ሳቅ ጀመሩ። "እውነቱን ልንገራችሁ? ሁዳዴ ነበር" አሉ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ኖሯል። የቆዩት ሁለት ሳምንት ነው፤ ሁለቱም ሳምንት በዐቢይ ጾም። ምሳ ሰዓት ጓደኞቻቸው ፊት ላዛኛ ይቀርባል፣ እሳቸው ፊት ቲማቲምና ዳቦ። አጠገባቸው ያለው ሰው ሲቆርሰው እንፋሎቱ እሳቸው ላይ ይወጣል። ጾማቸውን አልገደፉም። ሽታው ግን ሃያ ዓመት ከአፍንጫቸው አልጠፋም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ያለው ማነው? ያ ሰው አቶ መኳንንትን አላገኛቸውም።

"ታዲያ 'አይደለም' ያሉን?" አልኩ፣ ትንሽ በቁጣ።

"ምን ላድርግ ዳኜ? ሃያ ዓመት ጠብቄው ትንሽ የሚበልጥ መስሎኝ ነበራ!"

ትርንጎ ላሜራውን ወደ እሳቸው ገፋችው። ገና ይጨሳል። "እንግዲያው አይቅመሱት ጋሼ። ያሽትቱት" አለቻቸው።

አቶ መኳንንት ጎንበስ አሉ። ጋቢያቸው ቁሌቱን ሊነካ ደረሰ። ሳቡ፤ ረጅም ትንፋሽ። ዓይናቸውም ቀስ ብሎ ተጨፈነ። ጎንበስ እንዳሉ፣ ሳይገልጡት፣ "ሰኞ ጀምሪ" አሏት። እትዬ አስካለ ውጭ ልታለቅስ ወጣች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ትምህርቱም ደስ ይላል፦ ሠሪን እመን፣ እርሾህን ለዳቦህ ያዝ። እኔም ለሳምንት ያህል ትሑት ሆኜ ነበር፤ ሚስቴ አሞኛል ብላ ሰጋች።

መስከረም እንደጠባ የውዴ ልጅ ክርስትና ተነሣ። ውዴ ለድግሱ ላዛኛ አማረኝ አለች። የሆቴሉን ከሆነ አልፈልግም፤ የመጀመሪያው፣ ያ ነፋ ያለው፣ አያ ዳኜ ይጋግርልኝ! ደግሞ ልብ በሉ፣ ደብረ ታቦር ላይ አራት ዓይነት ላዛኛ ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ከእሷ ሌላ የለም፤ የተበላሸ፣ ትክክለኛ፣ ትክክለኛ፣ ከሆቴልም አስመጥታ ትክክለኛ። ማን ይከራከራታል? እኔም እርሾዬን ጨመርኩ። በርበሬና ኮረሪማም ጨመርኩ፤ አንዴ ከተሳሳትኩ አይቀር። እንደ ድፎ ተነፍቶ ወጣ።

ትርንጎ የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ሆናለች፤ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ላዛኛውን ስታይ አንገቷን ነቀነቀች። ነውር እንዳይሆን ትንሽ ቆርሳ አፏ አደረገች። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸ። ደላላው ነው። እትዬ አስካለን አየኋት፤ እንጀራዋን እንደያዘች ናት፣ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ትርንጎ አላነሣችውም። ማንሣትም አትችልም ነበር፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

እኔ እንግዲህ ትሑት ሰው ነኝ፤ ማየቴን ለማንም አልተናገርኩም።